ሰባኪው፥ ሊቁና ፒያኖ መቺው

በአንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ኃይል ያለው ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ ብዙ ሰው «ሰባኪው ነው» ብሎ ይመልሳል። በእኔ አስተያየት ግን የመዘምራኑ አለቃ ከሰባኪው አያንስም። ስብከት እሑድ ተሰምቶ ሰኞ ሊረሳ ይችላል፤ መዝሙር ግን ሰውየው ልብስ ሲያጥብም ሆነ አውቶቡስ ሲጠብቅ ከአፉ አይለይም። ስለዚህ ሕዝቡ ምን ይዘምር? በምንስ ድምፅ ይዘምር? የሚለው ነገር ቀላል አይደለም። በዚሁ ጥያቄ ምክንያት በቺካጎ ከተማ፥ በአንድ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፥ ሦስት ሰዎች እንዴት እንደተገናኙና እንዴት እንደተለያዩ ለአንባቢ ላጫውት እወዳለሁ። የማነሣቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቤተ ክርስቲያኑ ፒልግሪም ባፕቲስት ይባላል። ፒልግሪም ማለት ወደ ተቀደሰ ስፍራ የሚጓዝ መንገደኛ ማለት ነው፤ ስሙም ለምእመናኑ የተገባ ነበር። በዚያ ዘመን በደቡባዊው አሜሪካ የጥጥ እርሻና የዘር መድልዎ ያስመረራቸው ጥቁሮች በባቡር እየተሳፈሩ ወደ ሰሜን ከተሞች ይጎርፉ ነበር። በ1910 በቺካጎ የነበሩት ጥቁሮች 44 ሺህ ያህል ሲሆኑ፥ በ1930 ቁጥራቸው 234 ሺህ ያህል ደርሷል። ወንዶቹ በከብት ማረጃውና በፋብሪካው፥ ሴቶቹ በሰው ቤት በምግብ አብሳይነትና በልብስ አጣቢነት ተቀጠሩ። ፒልግሪም በ1922 የገባበት ትልቅ ሕንፃ ደግሞ አድለርና ሱሊቫን የተባሉ ስመ ጥር አርክቴክቶች አስቀድመው ለአይሁድ ምኩራብነት የሠሩት ነው።

ባፕቲስቶች ሕፃናትን አያጠምቁም፤ ሰው ራሱ አምኖ ሲመሰክር በውሃ ውስጥ ጠልቆ ይጠመቃል። ለዚህ ጽሑፍ ይበልጥ የሚጠቅመን ግን የአስተዳደራቸው ነገር ነው። ጳጳስ የላቸውም፤ እያንዳንዱ ማኅበር ሰባኪውን ራሱ ይመርጣል፥ ደመወዙን ይቆርጣል፥ ካልተስማማውም ያሰናብታል። በእኛ አገር በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ዜማ ከቅዱስ ያሬድ ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው፤ መሪጌታው፥ ቀኝ ጌታውና ግራ ጌታው የተማሩትን ይጠብቃሉ እንጂ ከመንገድ አዲስ ዜማ አምጥተው ማኅሌት ላይ አይቆሙም። በባፕቲስቶች ዘንድ ግን መጠበቁም ሆነ መለወጡ በሰባኪውና በመዘምራን አለቃው ጫንቃ ላይ ይወድቃል። ሁለቱ ካልተስማሙ የሚዳኛቸው የበላይ የለም።

ከ1926 ጀምሮ የፒልግሪም ሰባኪ የነበሩት ቄስ ጁኒየስ ሲዘር ኦስቲን ናቸው። አንደበታቸው የተባ፥ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ የሚያስነሡ ሰባኪ ነበሩ። የመዝሙሩ አለቃ ሚስተር ኤድዋርድ ቦትነር ደግሞ የተማሩ ሰው ናቸው። አባታቸው ከቦታ ቦታ የሚዘዋወሩ ሰባኪ ስለነበሩ የባሪያ ፍንገላ ዘመን መንፈሳዊ መዝሙሮችን በልጅነታቸው ከሕዝቡ አፍ ሰምተዋል። በኋላም በሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረው እነዚያኑ መዝሙሮች በኖታ እያሰፈሩ ለሠለጠነ ድምፅ የሚስማሙ አደረጓቸው። ስማቸው እስከ ዛሬ የሚጠራውም በዚሁ ሥራቸው ነው። መዘምራናቸው ኖታ ያነባሉ፤ የአውሮፓ ሊቃውንት የደረሷቸውን መዝሙሮችም ያለ ስሕተት ያቀርባሉ።

ሦስተኛው ሰው ሚስተር ቶማስ ዶርሲ ይባላሉ። በ1899 በጆርጂያ የተወለዱ የሰባኪ ልጅ ናቸው፤ ይሁን እንጂ እንጀራቸውን ያገኙት በመጠጥ ቤትና በቲያትር ቤት ብሉዝ እየተጫወቱ ነው። ማ ሬይኒ ለተባለችው ዝነኛ የብሉዝ ዘፋኝ ፒያኖ መትተዋል። በ1928 ታምፓ ሬድ ከተባለው ጊታር መቺ ጋር ያስቀረጹት ሸክላ ብዙ የተሸጠ ሲሆን፥ ቃሉ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የሚነገር አልነበረም። በእኛ አነጋገር የጠጅ ቤት አዝማሪ ነበሩ ብንል ብዙ አንሳሳትም። እኚህ ሰው የብሉዝን አመታትና እንጉርጉሮ ከወንጌል ቃል ጋር አጋብተው፥ ጎስፔል የሚባለውን መዝሙር እያባዙ በየቤተ ክርስቲያኑ ያዞሩ ጀመር። ብዙ ሰባኪዎችም በር ዘጉባቸው። በ1931 ግን አቤኔዘር በተባለው ሌላ የቺካጎ ቤተ ክርስቲያን ከጓደኛቸው ከቴዎዶር ፍራይ ጋር አንድ የጎስፔል መዘምራን ቡድን አቋቋሙ።

በ1932 ቄስ ኦስቲን እኚህኑ ፒያኖ መቺ ወደ ፒልግሪም ጠሯቸው። እስቲ አንባቢ ነገሩን በእኛ አገር መልክ ያስበው። ድጓን ለመማር ቤተ ልሔም ድረስ ወርዶ ብዙ ዓመት በቆሎ ተማሪነት የደከመ አንድ መሪጌታ አለ እንበል። አንድ ቀን አለቃው ከጠጅ ቤት ባለ መሰንቆ አምጥተው «ከዛሬ ጀምሮ ይህም ሰው ከጎንህ ያዘምራል» ቢሉት ምን ይሰማዋል? ሚስተር ቦትነርም የተሰማቸው ይኸው ነው። እንደ ዳንስ ቤት የሚያወዛውዝ ሙዚቃ የእግዚአብሔርን ቤት ያዋርዳል ብለው አጥብቀው ተቃወሙ።

እዚህ ላይ በሚስተር ቦትነር መሳቅ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ፍርድ አይሆንም። ነጮቹ ጥቁርን ሰው ከመጨፈርና ከመጮህ በቀር ምንም አያውቅም ብለው በሚያፌዙበት ዘመን፥ ኖታ አንብቦ በአራት ድምፅ አስማምቶ መዘመር ለክብር መሟገት ነበር። እሳቸው የሕዝቡን መዝሙር የጠሉ ሰው አይደሉም፤ በሕይወታቸው ሙሉ ሲሰበስቡትና ሲያስጌጡት ኖረዋል። የሕዝቡ ድምፅ ታጥቦና ተተኩሶ እንዲቀርብ ፈለጉ እንጂ።

ቄስ ኦስቲን ደግሞ ከአትሮንሱ ላይ ሆነው ሌላ ነገር ያዩ ይመስለኛል። ፊታቸው የተቀመጠችው አጣቢ ሳምንቱን ሙሉ በሰው ቤት አንገቷን ደፍታ ትሰነብታለች። እሑድ መጥታ የመዘምራኑን ጥበብ ታደንቃለች፤ ግን አፏን ከፍታ ልትከተላቸው አትችልም፤ የእሷ ቋንቋ አይደለምና። በጎስፔሉ ቡድን ግን ኖታ ማንበብ ግዴታ አልነበረም። አንዱ ይጀምራል፥ ሌላው ይቀበላል፤ ሰባኪው አረፍተ ነገሩን ሲጨርስ ፒያኖው ይመልስለታል፥ ሕዝቡ በጭብጨባ ያጸናዋል። መሪና ተቀባይ ተባብረው የሚያደርጉት ነገር ስለሆነ ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥ ሰው አይኖርም።

የዚያው ዓመት ነሐሴ ለሚስተር ዶርሲ የመከራ ወር ሆነ። ለመዝሙር አገልግሎት ወደ ሴንት ሉዊስ ከተማ ሄደው ሳለ ሚስታቸው ኔቲ በወሊድ መሞቷን የሚነግር ቴሌግራም ደረሳቸው። ሲመለሱ ሕፃኑም ተከትሏት ሞተ። እናትና ልጅ ባንድ ሣጥን ተቀበሩ። ሚስተር ዶርሲ እግዚአብሔርን ተቀየሙት፤ ወደ ብሉዙም ሊመለሱ አሰቡ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ጓደኛቸው ፒያኖ ወዳለበት ጸጥ ያለ ክፍል ወሰዷቸው፤ እዚያም አንድ የቆየ የመዝሙር ዜማ ሲነካኩ አዲስ ቃል መጣላቸው። «ክቡር ጌታ ሆይ» ተብሎ የሚታወቀው መዝሙር የተወለደው እንዲህ ነው። ያንን መዝሙር ለመጻፍ የወንጌሉ ቃል ብቻ አይበቃም ነበር፤ በመጠጥ ቤት የተማሩት የሐዘን አጨዋወትም አስፈለገ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሚስተር ቦትነር ፒልግሪምን ለቀው በቴክሳስ በጥቁሮች ኮሌጆች ማስተማር ያዙ። ሚስተር ዶርሲ ግን በዚያው ከአርባ ዓመት በላይ የጎስፔሉን መዘምራን መሩ። በልጅነቱ በእሳቸው ሥር ከዘመሩት አንዱ ጄምስ ክሊቭላንድ በኋላ ራሱ ታላቅ የጎስፔል መምህር ሆኗል። ቄስ ኦስቲንም እስከ 1968 ድረስ በአገልግሎታቸው ቆዩ። ቢሆንም የአንድ ሊቅ መሄድ ለቤተ ክርስቲያኑ ጉዳት አልነበረም ለማለት አልደፍርም። ሁለቱን ባንድ ጣሪያ ሥር ማኖር ቢቻል ኖሮ ምን ዓይነት መዝሙር ይወጣ ነበር? እያልኩ አስባለሁ።

ይህ ነገር እኔን የሚያስጨንቀኝ በሥራዬ ምክንያት ነው። በማስተምርበት ክፍል ከገጠር የመጡ ልጆች አሉ። የወላጆች በዓል ሲቃረብ «ምን ታውቃላችሁ?» ብዬ ስጠይቃቸው ከሬዲዮና ከስልክ የለቀሙትን ዘፈን ያቀርቡልኛል፤ እናታቸው ወፍጮ ላይ ሆና የምታንጎራጉረውን ግን ይደብቁታል። ማንም ተው አላላቸውም። የተማረ ሰው የሚያፍርበትን ነገር ከተማሩ ሰዎች ፊት አይተው አነበቡት እንጂ። እኛ የተማርን ነን የምንል፥ በትምህርት ቤትም ሆነ በመሥሪያ ቤት ያለን ሰዎች፥ ሳናውቀው የሚስተር ቦትነርን ወንበር ይዘናል። ወንበሩ የሚያሳፍር አይደለም፤ ድጓም ሆነ ኖታ ያለ ድካም አይገኝም። ነገር ግን አንድ ባለጉዳይ በገጠር አነጋገሩ ሲናገር ፊታችንን የምናዞር ከሆነ፥ እውቀታችን ያንን ሰው አፉን ከማስያዝ በቀር ምን ጠቀመው?

ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ሚያዝያ 4 ቀን 1968 ከመገደላቸው ጥቂት ቀደም ብሎ በዚያ ምሽት እንዲጫወትላቸው የጠየቁት ያንኑ የሚስተር ዶርሲን መዝሙር ነበር። በቀብራቸው ዕለት ማሄልያ ጃክሰን ዘመረችው። ሚስተር ዶርሲ በ1993 ዐረፉ። የፒልግሪም ሕንፃም ጥር 6 ቀን 2006 ጣሪያው ሲጠገን በተነሣ እሳት ተቃጥሎ ከድንጋይ ግድግዳው በቀር የተረፈው ጥቂት ነው። መዝሙሩ ግን አልተቃጠለም፤ ያን ጊዜ በብዙ ሰው አፍ ውስጥ ነበርና። የቄስ ኦስቲንን ስብከት ዛሬ በቃሉ የሚያውቅ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ከስብከታቸው ሁሉ የበለጠውን የሠሩት ግን፥ በር የተዘጋበትን አንድ ፒያኖ መቺ «ግባ» ባሉበት ቀን ይመስለኛል።