መሰላሉ ይውጣ፤ ደረጃ ይግባ

በአዲስ አበባ አሮጌ ሰፈሮች፣ ጣሪያው ከፍ ባለ ክፍል ውስጥ የኖረ ቤተሰብ ቆጥ ምን እንደሆነ አይጠፋውም። በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ወደ ሕዝብ ከተዛወሩት ትርፍ ቤቶች መካከል አንዳንዶቹ ለብዙ ቤተሰብ ሲከፋፈሉ፣ ለአንድ ቤተሰብ የደረሰው አንድ ሰፊ ክፍል ሆነ። ልጅ ሲጨመር፣ ዘመድ ከገጠር ሲመጣ፣ ወደ ጎን መስፋት ስለማይቻል ቤቱ ወደ ላይ ይሰፋል። ቆጡ ይሠራል፤ መውጫው ግን ሁልጊዜ ይረሳና ግድግዳ ላይ መሰላል ይደገፋል።

መሰላል ሁለት ነፃ እጅ የሚፈልግ ዕቃ ነው። የእናት ሁለት እጅ ደግሞ መቼ ነፃ ሆኖ ያውቃል? አንዱ ሕፃን አቅፏል፣ አንዱ ብርድ ልብስ ይዟል። በእኛም ቤት እንዲሁ ስድስት ዓመት ኖርን። በ2015 ዓ.ም. ክረምት እናቴ ሌሊት ስትወርድ እግሯ ከመሰላሉ ሦስተኛ እርከን ላይ ተንሸራትቶ የእጇ አንጓ ተሰበረ። ከዚያ ወዲያ ወደ ላይ መውጣት እርም አለች። ፍራሿ በሩ አጠገብ ተነጠፈ፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ብርዱ እሷን ነው የሚያገኛት። «ለኔ አትጨነቂ፣ እኔ የምድር ሰው ነኝ» ትለኝ ነበር።

አናጺ የጠየቀን ዋጋ ከአቅማችን በላይ ነበር። ስለዚህ በ2016 ዓ.ም. ከጥር እስከ ሚያዝያ ባሉት ቅዳሜና እሑዶች ደረጃውን ራሴ ሠራሁት። ሙያው የለኝም። በእጄ የነበረው ሜትር፣ መዶሻና አንድ የእጅ መጋዝ ብቻ ነው።

ለምን ጠመዝማዛ አደረግሽው ያሉኝ ብዙዎች ናቸው። ክፍላችን 4 ሜትር በ4 ሜትር ነው። ከወለሉ እስከ ቆጡ 2 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ፣ እያንዳንዱ እርምጃ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል 12 ጊዜ መውጣት ያስፈልጋል። ቀጥ ያለ ደረጃ ቢሆን ወለሉ ላይ 2 ሜትር ከ75 ያህል ርዝመት ይወስዳል፤ ወይ መስኮቱን ወይ በሩን ይዘጋል። ጠመዝማዛው ግን 1 ሜትር ከ40 በ1 ሜትር ከ40 በሆነ ማዕዘን ውስጥ ይቆማል። በካሬ ሲሰላ ሁለቱ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል፤ ቦታ ይቆጥባል የሚባለው በዚህ በኩል እውነት አይደለም። ጥቅሙ ማንም የማይቀመጥበትን ማዕዘን ይዞ መሐሉን ለቤተሰቡ መተዉ ነው። ሰፊ ቤት ያላት እህት ቀጥ ያለውን ብታሠራ ይሻላታል፤ ለእግር እሱ ይመቻል።

ሥራው በመጋዝ አይጀመርም። በሰፈራችን ያሉ አንድ ሽማግሌ አናጺ ሐሳቤን ስነግራቸው፣ «ልጄ፣ መጀመሪያ መሬት ላይ ሣዪው፤ እንጨቱን ኋላ ትደርሽበታለሽ» አሉኝ። 70 ሳንቲ ሜትር ገመድ ምስማር ላይ አስሬ በጠመኔ ክብ አዞርኩ። ያው ገመድ በክቡ ዙሪያ ሲለካ ልክ ስድስት ጊዜ ይገባል፤ እያንዳንዱን ለሁለት መክፈል ነው፣ 12 ይሆናል። ድፎ ዳቦ ለእንግዳ እኩል ቆርሳ የምታውቅ ሴት ይህ አይከብዳትም። 11ዱ መርገጫ ይሆናሉ፣ 12ኛው ከቆጡ ጋር የሚገናኘው ነው። አንዱ መርገጫ በውጭ ጫፉ 37 ሳንቲ ሜትር፣ እግር በሚያርፍበት በኩል 25 ያህል ስፋት አለው፤ ወደ ምሰሶው ሲጠጋ ግን ተረከዝ አይችልም። ስለዚህ ልጆችን ከመጀመሪያው ቀን በውጭ በኩል፣ መደገፊያውን ይዘው እንዲሄዱ ማስለመድ ያስፈልጋል።

ጣውላውን ከአጣና ተራ ገዛሁ። ባሕር ዛፍ ርካሽ ነው፣ እርጥቡ ግን ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ ለምሰሶም ለመርገጫም አይሆንም። የደረቀ፣ 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ መምረጥ ይገባል። ዋጋው በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ እዚህ ቁጥር አልጽፍም። ለምሰሶው ከምናለሽ ተራ ያገለገለ ባለ 2 ኢንች የብረት ቧንቧ ተገኘ። በታቹ ጠፍጣፋ ብረት አስበይጄ ከሲሚንቶው ወለል ጋር በአራት ቡሎን ታሰረ። መርገጫዎቹን እንደ ጨሌ በቧንቧው ላይ እየሰካሁ በየመካከላቸው 16 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ባለ ቀዳዳ የእንጨት ጉርድ አስገባሁ፤ ከላይ ዳዶው ሁሉንም አንድ ላይ ጨምቆ ይይዛል። ቀዳዳዎቹን ብቻ የእንጨት ሥራ ቤት በማሽን አስበሳሁ፤ በእጅ መሰርሰሪያ ቀጥ አይልም።

በአንድ በኩል ብቻ የተያዘ መርገጫ ውጭው ይወዛወዛል። መፍትሔው መደገፊያው ራሱ ነው፦ ሁለት መርገጫዎች በሚደራረቡበት ጫፍ ላይ አንዱ ዘንግ የላይኛውንም የታችኛውንም በቡሎን ያስራል። በየመርገጫው ሦስት ዘንግ አቆምኩ፤ በመካከላቸው የቀረው ክፍተት 9 ሳንቲ ሜትር ነው። ከ10 ከበለጠ የሕፃን ጭንቅላት ሊገባ ይችላል። በመርገጫና በመርገጫ መካከል ያለው 16 ሳንቲ ሜትርም እንዲሁ አደገኛ ስለሆነ በ7 ሳንቲ ሜትር ስስ ጣውላ ከፈልኩት። ይህን አናጺዎችም ብዙ ጊዜ ይዘሉታል፤ ልጅ ያላት ሴት ግን ልትዘለው አትችልም።

አንዱን ሥራ አልነካሁም፦ የቆጡን ወለል መቅደድ። እዚያ አግዳሚ ይቆረጣል፣ የተቆረጠው በሌላ አግዳሚ መታሰር አለበት፣ ሸክሙ የሁላችን ነው። ለዚህ ሽማግሌው መጡ፣ ግማሽ ቀን ሠሩ። ቤቱ የኪራይ ከሆነ ደግሞ ከዚህ በፊት አከራዩን፣ የመንግሥት ከሆነም ወረዳውን ማስፈቀድ ነው።

ማንም ሳይረግጠው በፊት ግማሽ ኩንታል ጤፍ በእያንዳንዱ መርገጫ ውጭ ጫፍ ላይ በየተራ እያስቀመጥን አሳደርን። አሥራ አንድ ሌሊት። እናቴ ጆንያው ያደረበትን እየቆጠረች አየች፤ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ማንንም ሳትጠራ ወጣች።

ክረምት አልፎ እንጨቱ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ዳዶው ይላላል፤ በጥቅምት አንድ ጊዜ መጥበቅ ይፈልጋል። በእኛ ቤት ይህን ሥራ የወሰደችው የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጄ ናት። የቡሎን ቁልፉን ይዛ ትወጣለች፤ አያቷ ላይ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ «ገና ነው፣ ጨምሪ» ትላታለች።