አልፈታ ያለው ብሎን

ከአሰላ ወደ በቆጂ የሚወስደው መንገድ በጭላሎ ተራራ ግርጌ፣ በገብስና በስንዴ ማሳ መካከል ያልፋል። በነርስነት ሳገለግል ክትባት ይዘን እንመላለስበት ነበር። አንድ ቀን ሳጉሬ ስንደርስ የአሮጌው ላንድክሩዘራችን የኋላ ባሌስትራ ተሰበረ። ትርፍ ይዘናል፤ ብሎኑ ግን ዝጎ አልፈታ አለ።

ረዳቱ በመዶሻ ሊለው ሲል ሽማግሌው መካኒክ ከለከሉት። ክሪኩን ብቻ ሳያምኑ መኪናውን በድጋፍ አስቀመጡ፤ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ጠርገው ናፍታ አጠጡትና «እንጠብቀው» አሉ። እኔ ሰዓት እቆጥራለሁ። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት አለበት፤ እናቶችም ልጅ አዝለው ይጠብቁናል።

ቆይተው ጥቂት ወደፊት፣ ጥቂት ወደኋላ እያሉ ፈቱት። በረዶው ሳያልቅ ደረስን።

ቁስል ላይ የደረቀ ፋሻም እንዲሁ ነው፤ አርጥበው ካልጠበቁት ቆዳ ይዞ ይነሳል። የልጅ ልጄ ሲያኮርፍ ያ ብሎን ትዝ ይለኛል።