በ1 ሰዓት የሚያልቅ ጉዞ

 

ከድሬዳዋ ሐረር በደንገጎ አቀበት 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሚኒባስ 1 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ከድሬዳዋ አዲስ አበባ ደግሞ በአየር 340 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አውሮፕላኑም 1 ሰዓት ያህል ይበቃዋል። እንግዲህ እዚህ መጋላ ደረሶች የሚከራከሩበት ጥያቄ ይኸው ነው፦ ሐረር የሄደው ሰው ሶላቱን ካላሳጠረ፣ በዚያው ሰዓት አዲስ አበባ የሚደርሰው ስለምን ያሳጥራል?

በሻፊዒይ መዝሃብ መልሱ ግልጽ ነው። ቀስር የሚለካው በመንገዱ ርቀት እንጂ በድካሙ ወይም በሰዓቱ አይደለም። ልኩ ጭነት የተሸከመ ግመል በ2 ቀን የሚሄደው መንገድ ሲሆን፣ የዘመናችን ዑለማዎች ከ80 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ያደርጉታል። ሐረር ከዚህ በታች ናት፤ አዲስ አበባ ግን ከ3 እጥፍ በላይ ትርቃለች። እ.ኤ.አ. በ1277 ያረፉት ኢማም ነወዊይ «ሚንሃጅ» በተባለው ኪታባቸው፣ ይህን ርቀት በባሕር ላይ በአንዲት ሰዓት ያቋረጠ ሰው እንኳ እንደሚያሳጥር ጽፈዋል። አውሮፕላን ከመፈጠሩ 600 ዓመት አስቀድሞ መልሱ ተቀምጦልን ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ የአውሮፕላን መንገደኛ ዙህርን፣ ዐስርንና ዒሻን 2 ረከዓ ያደርጋቸዋል፤ መግሪብና ሱብሂ አይነኩም። አዲስ አበባ ገብቶ 4 ሙሉ ቀን ለመቀመጥ የነየተ ግን ከደረሰ በኋላ አሟልቶ ይሰግዳል።

ጾመኛም ልብ ይበል። አዲስ አበባ ከድሬዳዋ 3 ዲግሪ ያህል ወደ ምዕራብ ስለምትርቅ ፀሐይ 12 ደቂቃ ያህል ዘግይታ ትጠልቅባታለች። ወደ መግሪብ ገደማ ከድሬዳዋ የተነሳ ጾመኛ የሚያፈጥረው የድሬዳዋን ሰዓት አይቶ ሳይሆን ባለበት ሆኖ ፀሐይዋ ስትጠልቅ ነው።

አሁን ደግሞ ነገሩን ገልብጠን እንየው። ባቡር ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ከዚያ በፊት መንገደኛው ያለው በቅሎና ግመል ነበር። «ዘመዶቼ ሩቅ ናቸው» ቢል እውነቱን ነው። ዛሬ ግን እናቱን መጋላ ትቶ አዲስ አበባ የሚኖር ልጅ፣ «መንገዱ አልመች አለኝ» እያለ ዒድ በዒድ ላይ ሲደራረብበት እናያለን።

የአውሮፕላን ዋጋ ለሁሉም እንደማይቀል እናውቃለን። ያልቻለ በስልክ ይጠይቅ፤ ሲመቸው በአውቶቡስ ይምጣ። የቻለ ግን ምን ይላል? ዝምድናን መቀጠል እንደ ቀስር በኪሎ ሜትር አይለካም፤ በአቅም ይለካል። መንገዱ በሰዓት ሲያጥር አላህ ለመንገደኛ የሰጠው ማቅለያ አልቀነሰም። የቀነሰው የኛ ሰበብ ነው።

ውድ አንባቢ! ጀናዛ እንደማይዘገይ ታውቃለህ። የሞት ወሬ ጠዋት ሲሰማ፣ ለዐስር ለመድረስ የማይሮጥና ትኬት የማይፈልግ ልጅ የለም፤ ተበድሮም ቢሆን ይመጣል። ያቺኑ የ1 ሰዓት በረራ እናቲቱ በሕይወት ሳለች፣ በሩን ስትከፍትለት ለማየት ቢፈልጋት ምን ነበር?

አላህ በሕይወት ሳሉ ከሚዘይሩት ያድርገን። አሚን።