ማሳ የሌለው አንቴና

ስለ ኤሌክትሪክ የማውቀው ነገር ቢኖር መብራት ሲጠፋ ሻማው የት እንደተቀመጠ ነው። ሃያ ዓመት ያህል ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር፣ ማይክሮፎኑ እምቢ ባለ ቁጥር “ኧረ ቴክኒሻን ጥሩልኝ” ከማለት በቀር አንድ ሽቦ ነክቼ አላውቅም። እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው ነው ዛሬ ስለ ከባድ መኪና የሬዲዮ አንቴና ሊያወራችሁ የተነሳው። ታገሱኝ።

ነገሩ የሆነው አሜሪካ፣ ኮሎራዶ፣ ዴንቨር ከተማ ነው። ታናሽ ወንድሜን ልጠይቅ ሄጄ። ወንድሜ አገሩ ሳለ የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ መምህር ነበር፤ ዛሬ ባለ አሥራ ስምንት ጎማ የራሱ ትራክ አለው። ጠመኔውን ጥሎ መሪ የጨበጠ ሰሞን በስልክ ያልኩትን ብነግራችሁ ታዝኑብኛላችሁ። “ካርታ ስታስተምር ኖረህ ካርታ ላይ ልትንከራተት?” ነበር ያልኩት። ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ግን ስለ ሥራው አጫውቶኝ አያውቅም። “መንገዱ እንዴት ነው?” ስለው “እግዚአብሔር ይመስገን” ይላል። በቃ፣ እሷው ናት።

በሄድኩ በሦስተኛው ቀን፣ እራት በልተን ቡና እየጠጣን ሳለ ግን ያልጠበቅሁትን ነገረኝ። ባለፈው የበረዶ ወራት ዋዮሚንግ ውስጥ፣ በ80 ቁጥሩ አውራ ጎዳና፣ በላራሚና በሮሊንስ መካከል ይነዳል። ያ መንገድ በነፋሱ የታወቀ ነው። ከሰማይ የሚወርደው በረዶ ቢያባራ እንኳ ነፋሱ መሬት ላይ ያለውን እያነሳ ያቦንነዋል፤ መንገዱ ከዓይን ይሰወራል። ወንድሜ ከነጭነቱ 36 ቶን ገደማ ይዟል። ይህን የሚያህል ነገር ደግሞ “ቁም” ስላሉት አይቆምም።

“ድንገት ከፊቴ ቀይ መብራት አየሁ” አለኝ። “እንደምንም ቆምኩ። ስወርድ ከፊቴ ካለው ተሳቢ ጋር የቀረኝ፣ ጋሼ፣ ከዚህ ወንበር እስከዚያ በር ነበር።”

የዚያኛው መኪና ሾፌር እየሮጠ መጥቶ ጮኸበት። “ሬዲዮህን ዘግተሃል እንዴ? አሥር ደቂቃ ሙሉ በ19 ስንጣራ ነበር!”

ሬዲዮኑ ክፍት ነበር። የሚሰማው ግን ሹሽሽታ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሬዲዮኑ ትንሽ ላስረዳ። ሲቢ ይሉታል። በ27 ሜጋኸርዝ አካባቢ የሚሠራ፣ 40 ቻናል ያለው የሁለት ወገን መነጋገሪያ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፈቃድ አይጠየቅበትም። 9 ቁጥር ለአደጋ ጊዜ የተተወ ነው፤ የከባድ መኪና ሾፌሮች መገናኛቸው 19 ነው። ጉልበቱ ብዙም አይደለም፤ በተለመደው አሠራሩ ቢበዛ 4 ዋት፣ ከአንዲት ትንሽ አምፖል ያነሰ። የ1973ቱ የነዳጅ ችግር ጊዜ ገንኖ፣ ተንቀሳቃሽ ስልክ ሲመጣ ቀዝቅዟል። ቢሆንም ስልክ የማይተካው ነገር አለው። ሁለት ኪሎ ሜትር ከፊትህ የሚነዳውን፣ ስሙን የማታውቀውን ሰው በስልክ ልጥራው ብትል ቁጥሩን ማን ይሰጥሃል?

ወንድሜ ከዚያ አደጋ እንደተረፈ ያደረገው እኛ ሁላችንም የምናደርገውን ነው፤ ረዥም አንቴና ገዛ። የሚያብለጨልጭ፣ ከአሮጌው ቁመቱ የሚበልጥ። ሹሽሽታው ግን ንቅንቅ አላለም።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናው ወደሚያድርበት ግቢ ሄድን። ሰፈሩ ሁሉ “የመቶ አለቃ” የሚላቸው አንድ ሐበሻ አዛውንት እየጠበቁን ነው። በወታደርነታቸው ዘመን የመገናኛ ሰው ሆነው ኦጋዴን ከርመዋል፤ ኋላ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ሠርተዋል።

የመቶ አለቃ ያን ረዥም አንቴና ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። በቀጥታ ወደ እግሩ ነው የሄዱት። አንቴናው የስፖኪዮው ክንድ ላይ በብሎን ታስሯል። ቴስተራቸውን አወጡና አንዱን ጫፍ አንቴናው የታሰረበት ብረት ላይ፣ ሌላውን የሻንሲው ራቁት ብረት ላይ አሳረፉት። ቴስተሩ ጭጭ አለ።

“ይኸው፣ አየር ላይ ነው የተንጠለጠለው” አሉ።

“እንዴ! ብረት ከብረት ጋር ታስሮ እንዴት አየር ላይ ይሆናል?” አልኩ።

“መምህር፣ በመሃሉ ቀለም አለ፣ ጎማ አለ፣ ፕላስቲክ አለ። የዛሬው ጋቢና ብረት ይምሰል እንጂ ስንቱ ቦታ ፋይበር ነው። በዓይን ሲያዩት የተያያዘ ሁሉ አልተያያዘም።”

ከዚያ ማስተማሩን ተያያዙት፤ እኔ ተማሪ ሆንኩ። የዚህ ሬዲዮ ሞገድ ርዝመቱ 11 ሜትር ያህል ነው። ደህና አንቴና የዚያ ሩብ፣ ወደ 2 ሜትር ከ70 መሆን ነበረበት። ያን የሚያህል ዘንግ መኪና ላይ ስለማይመች በውስጡ ሽቦ እየጠቀለሉ ያሳጥሩታል። ዋናው ቁም ነገር ግን፣ አሉ የመቶ አለቃ፣ ቆሞ የምታዩት ዘንግ ግማሹ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ የመኪናው ብረት አካል ነው። የዘንጉ መቀመጫና አካሉ ካልተገናኙ ድምፁ መውጫ ያጣል፤ ተመልሶ ወደ ሬዲዮኑ ይገባና ሲብስም ያቃጥለዋል።

“እኛ ጋራዥ ይህን ምን እንደምንለው ያውቃሉ? ማሳ።”

የሥነ ጽሑፍ ሰው ምን ጊዜም ቃል ላይ ነው የሚቆመው። መካኒኮቻችን ከጣሊያን የወረሱት ማሳና ገበሬያችን የሚያርሰው ማሳ ምንም ዝምድና የላቸውም። እኔ ግን ፒንሳ ይዤ እንደቆምኩ ሁለቱን ማለያየት አቃተኝ። ማሳ የሌለው ገበሬ፣ ማሳ የሌለው አንቴና…

“ኦጋዴን አሸዋው ደረቅ ነው” አሉ የመቶ አለቃ፣ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈጉ። “የሬዲዮኑን የመሬት ካስማ ብንተክለው አይዝልንም። ዘዴው ውሃ ማፍሰስ ነው፤ ውሃው ደግሞ ለጉሮሮም አልበቃ። እና ምን እናደርግ ነበር መሰለዎት? ሽንቱ የመጣ ወታደር ሁሉ ወደ ካስማው ይታዘዛል!”

ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ በራ። ጥርስ ያለው ሮንዴላ ገባ። ከተጎነጎነ መዳብ የተሠራ ጠፍጣፋ ማሰሪያ ከአንቴናው መቀመጫ እስከ ጋቢናው ብረት፣ ሌላው ደግሞ ከጋቢናው እስከ ሻንሲው ተዘረጋ። የመሃለኛው ሽቦ ግን አካሉን መንካት የለበትም፤ የምትለየውን የናይለን ሮንዴላ ደጋግመው አዩ። መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው እንዳያዝገው ግራሶ ቀቡት። ቴስተሩን መልሰው ቢያስነኩት ጢጥ አለ።

መኪናውን ከሌሎቹ ገለል አድርገን፣ በሮቹን ዘግተን፣ ተመልሶ የሚመጣውን ጉልበት የሚለካውን ሰዓት ገጠሙለት። ቀደም ሲል ከ3 በላይ ነበር፤ አሁን 2 ሆኗል። በቻናል 1 ለኩ፣ በቻናል 40 ለኩ። በ40 በለጠ። “ረዝሟል ማለት ነው” አሉና የአንቴናውን ጫፍ አዙረው ወደ ውስጥ አስገቡት። ከ1.5 በታች ወረደ። ያ በስንት ብር የተገዛ ርዝመት መጨረሻው ማጠር ሆነ!

“በል አሁን ተናገር” አሉት ወንድሜን።

ወንድሜ ዝም አለ። መነጋገሪያውን ይዞ መሬት መሬት ያያል። ኋላ ነው የነገረን። በመጀመሪያው ዓመቱ አንድ ቀን በሬዲዮኑ መንገድ ጠይቆ ነበር። አንዱ አነጋገሩን እየቀዳ አላገጠበት፤ ሌላው “ወደ መጣህበት ተመለስ” አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ያልተናገረ ሰው ደግሞ ድምፁ እንደማይወጣ በምን ያውቃል? ሹሽሽታውንም “ሰው ሲቢ መጠቀም ትቶ ነው” ብሎ ተርጉሞታል።

ሥራውን ለምን አጫውቶኝ እንደማያውቅ ያን ጊዜ ገባኝ። መጀመሪያ በአነጋገሩ የሳቀበት ያ ሾፌር ባዕድ ነው። በኑሮው የሳቅኩበት ግን እኔ ነኝ፤ ታላቅ ወንድሙ። እኔ ሳልሆን ማን ማሳ ሊሆነው ኖሯል?

“እስቲ አምጣው” አልኩና መነጋገሪያውን ተቀበልኩ። ስንት መቶ ተማሪ ፊት ያልፈራሁ ሰው ቁልፏን ተጭኜ “ሄሎ… እ… ሄሎ” ከማለት አላለፍኩም። የመቶ አለቃ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ወንድሜም ሳቀ፤ ሳቀና ከእጄ ነጠቀኝ።

“ብሬክ ዋን ናይን፣ ሬዲዮ ቼክ” አለ።

ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ ከ70 ቁጥሩ መንገድ ላይ አንድ ጎርናና ድምፅ፣ ጥርት ብለህ ትሰማለህ ወዳጄ፣ መልካም መንገድ፣ አለው።

አገሬ ተመልሼ ወር ሳይሞላኝ ደወለ። ያው ዋዮሚንግ ነው። ነፋስ አንድ ተሳቢ ገልብጦ መንገድ ዘግቷል፤ ወንድሜ ቀድሞ ደርሶ ቆሟል። መነጋገሪያውን አንስቶ ቦታውን፣ የተዘጋውን ረድፍ እየደጋገመ ተናገረ።

“በምን አነጋገር ተናገርክ ታዲያ?” አልኩት።

“በራሴው ነዋ፣ ጋሼ።”

“ተረዱህ?”

“ሁሉም ፍሬን ያዙ።”

ከዚያ ስለ መንገዱ፣ ስለ ነፋሱ፣ ስለ ጎማ ዋጋ ሳይቀር አንድ ሰዓት ሙሉ አወራኝ። እኔ ደግሞ ዝም ብዬ አዳመጥኩት።