የድመት ጠጉርና ትንሿ መብረቅ

ድመት በአገራችን ቤት ውስጥ ሁለት ሥራ አላት። አንደኛው አይጥ መያዝ ነው፤ ይህ ታውቆላታል፥ ስለዚህም ፍርፋሪና ወተት ይቆረጥላታል። ሁለተኛውን ሥራዋን ግን የሚቆጥርላት ሰው ጥቂት ነው፤ እርሱም በዕድሜ ከገፋና ብቻውን ከሚውል ሰው አጠገብ ኩርር እያለች መተኛት ነው። ልጆች ወደ ሥራ፥ የልጅ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት በሄዱበት ሰዓት ስንት ሽማግሌና ስንት ባልቴት ከድመት ጋር ብቻ ሲነጋገር እንደሚውል አንባቢ ከየቤቱ ሊመሰክር ይችላል። ዛሬ የምንጽፈው በዚህ በሁለተኛው ሥራ ላይ ስለሚመጣ አንድ ትንሽ መሰናክል ነው።

እናታችን ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። ድመታቸውን ውሮ ይሏታል፤ እኛ የተሻለ ስም ልናወጣላት ሞክረን ነበር፥ ነገር ግን «ድመት ውሮ ከተባለች ምን ጎደላት?» ስላሉን ተውነው። በአሜሪካ የምትኖረው እኅታችን ባለፈው መስከረም ከፖሊስተር የተሠራ እጅግ ለስላሳ ብርድ ልብስ ላከችላቸው። ጥቅምት ገብቶ የአዲስ አበባ ብርድ ሲጠና እናታችን እርሱን ደርበው መተኛት ጀመሩ፤ ውሮም እንደ ልማዷ ከእግራቸው በኩል ወጥታ ትንከባለልበት ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን እናታችን ሊደባብሷት እጃቸውን ሲዘረጉ ድመቲቱ ዘላ መውረድና ከወንበር ሥር መደበቅ አመጣች። አንዲት ጎረቤት ይህን አይታ፥ ድመት የምትሸሸው ቀኑ የደረሰን ሰው ነው የሚል ነገር ጣል አድርጋ ሄደች። እናታችን ለእኛ ምንም አልነገሩንም፤ ለነፍስ አባታቸው ግን ስለ መገነዣ ልብሳቸው ማማከር ጀምረው ነበር።

ነገሩን የገለጸልን መብራት የጠፋበት አንድ ምሽት ነው። ውሮን እንደ ምንም አባብለን ከእናታችን ጭን ላይ አስቀምጠናት ነበርና፥ እናታችን ጀርባዋን ሲደባብሱ ከጠጉሯ ውስጥ ጥቃቅን ሰማያዊ ብልጭታ ሲወጣ አየን፤ ጭራሮ እሳት ላይ ሲንጣጣ የሚሰማውን የመሰለ ድምፅም ሰማን። በሽቦው ያጣነውን ኮረንቲ በድመቲቱ ጀርባ ላይ አገኘነው ማለት ነው።

ይህ ነገር ለሰው ልጅ አዲስ አይደለም። የጥንት ግሪኮች አምበር የሚባለው ቢጫ የዛፍ ሙጫ ሲያሹት ገለባ እንደሚስብ ያውቁ ነበር፤ ሙጫውንም በቋንቋቸው ኤሌክትሮን ይሉት ስለ ነበር ኤሌክትሪክ የሚለው ስም ከዚያ ወጣ። በ1600 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ጊልበርት ስለ ማግኔት በጻፈው መጽሐፍ ይህን ጠባይ ከማግኔት ጠባይ ለይቶ አስረዳ። የፊዚክስ መምህሩ የኤቦናይት ዘንግ በድመት ቆዳ አሽቶ የወረቀት ቁራጭ ሲያስነሣ ያየ ተማሪም ነገሩን ያውቀዋል፤ ድመቲቱ ከነነፍሷ በአልጋ ላይ በተኛች ጊዜ ግን ያው ትምህርት መሆኑ ትዝ አይልም።

ሁለት ነገሮች ሲነካኩና ሲፋተጉ እጅግ ረቂቅ የሆኑ ቅንጣቶች ከአንዱ ወደ ሌላው ያልፋሉ። የድመት ጠጉር በቀላሉ ይሰጣል፥ ፖሊስተር በቀላሉ ይቀበላል። አየሩ እርጥብ ከሆነ የተጠራቀመው ኃይል ሳይታወቅ ቀስ እያለ ይጠፋል። በበጋ ግን፥ ይልቁንም ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በምትገኘው በአዲስ አበባ፥ አየሩ ደረቅ ነው፤ ያም ብርዳም አየር በምድጃ ሲሞቅ ይብስ ይደርቃልና ኃይሉ መሄጃ አጥቶ ይከማቻል። ሰው እንዲህ ያለውን ብልጭታ በጣቱ የሚሰማው ግፊቱ 3,000 ቮልት ያህል ሲደርስ ነው፤ የቤታችን መብራት 220 ቮልት ብቻ ነው። ይህን ስንነግራቸው እናታችን አማተቡ። የማይገድለው መጠኑ እጅግ ጥቂት ስለ ሆነና ዐይን ከመጨፈን እጅግ ባነሰ ጊዜ ስለሚያልቅ ነው፤ አንዲት ጠብታ ውሃ ከገደል አፋፍ ብትወድቅም ጎርፍ አትሆንም። ለድመት ግን ቀላል አይደለም። አፍንጫዋ እርጥብ ነው፥ የጢሟም ሥር በነርቭ የተሞላ ነው። የሚወጋትም እጅ ሲቀርባት ስለ ሆነ፥ ጥፋቱ የብርድ ልብሱ ሳይሆን የእጁ ይመስላታል።

በ1939 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኒኮላ ቴስላ ለአንዲት ትንሽ ልጅ በጻፈው ደብዳቤ ስለ ልጅነቱ ድመት ስለ ማቻክ ተርኳል። ደረቅ ብርድ በሆነበት አንድ ምሽት የድመቱን ጀርባ ሲደባብስ ብርሃን ወጣ፤ አባቱ ይህ በዐውሎ ነፋስ ጊዜ በዛፎች ላይ ከሚታየው ኃይል ጋር አንድ ነው አሉት፤ እናቱ ግን እሳት እንዳያስነሣ ድመቱን ተወው አሉት። ሰዎች ብዙውን ጊዜ የአባትየውን መልስ ያደንቃሉ። እኛ እንደሆነ ለእናትየው እናደላለን፤ ቤት የሚጠብቅ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ይህን ነው። እናታችን ታሪኩን ሲሰሙ የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ታዲያ ያ ድመት ልጁን ሸሸው?» ማቻክ ልጁን በሄደበት ሁሉ ይከተለው እንደ ነበር በደብዳቤው ተጽፏል ብለን ስናነብላቸው ፊታቸው ፈካ። ከዚያ ወዲህ ስለ መገነዣው ሲያነሡ አልሰማንም።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ድመቲቱን ከመንካት በፊት እጅን በውሃ ጥቂት ማራስ፥ ወይም አስቀድሞ የውሃ ቧንቧን የመሰለ ብረት መንካት ይበቃል። ለጠጉሯም ከፕላስቲክ ማበጠሪያ የብረቱ ይሻላል። ሰፊ ሳሕን ውሃ ሞልቶ፥ ወይም ፎጣ አርሶ በመኝታ ቤት መስቀል አየሩን ያለሰልሳል። የከሰል ምድጃ ላይ ውሃ ጥዶ በሩን መዝጋት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ የከሰሉ መርዘኛ አየር በዝምታ ይገድላል። ልብስ ለማለስለስ የሚሸጠውን ሽታ ያለው መድኃኒትም ጠጉሯን ማስነካት ክፉ ነው፤ ድመት የነካትን ሁሉ ስለምትልስ ይመርዛታል። አንድ ወዳጃችን ቅቤ ቀቧት ብሎን ነበር። ሐሳቡ ለውሮ የሚያስከፋት አይመስለንም።

ዋናው ጭንቅ ብርድ ልብሱ ነበር። ይነሣ ብንላቸው እናታችን አሻፈረኝ አሉ፤ የልጃቸው እጅ ነውና። በመጨረሻ ከላዩ የጥጥ ጋቢ አነጠፍንበት፤ ጥጥ እርጥበት ስለሚይዝ ኃይሉን አያከማችም። ውሮ ለአራት ቀን ያህል ከወንበሩ ሥር ሆና ጋቢውን ስትመለከተው ሰነበተች። በአምስተኛው ሌሊት ወጣችበት። እኅታችን በስልክ «ብርድ ልብሱን ትለብሱታላችሁ ወይ?» ስትላቸው፥ እናታችን «በየሌሊቱ» ይሏታል፤ ስለ ጋቢው አያነሡላትም።