ለሳሎን ስታብላይዘር፣ ለማድ ቤት ቅጥልጥል ሽቦ

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ግቢያችሁ ውስጥ ካለው የኤሌክትሪክ ዕቃ ሁሉ ብዙ የሚበላው የቱ ነው? ቲቪው እንዳትሉኝ። ፍሪጁም አይደለም። ምጣዱ ነው። የእንጀራ ምጣድ እንደ አሠራሩ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይጎትታል፤ ቲቪያችሁ ግን 100 ዋት እንኳ ላይሞላ ይችላል። ሁለተኛ ጥያቄ፦ ግቢው ውስጥ ያለው ያረጀው፣ የተቀጣጠለው፣ በፕላስተር የተጠቀለለው ሽቦ የሚሄደው ወዴት ነው?

ወደ ማድ ቤት። አይደል?

የእኛም እንደዚያው ነበር። የምንኖረው ልደታ ነው፣ ገና ካልፈረሱት ግቢዎች በአንዱ። ከፊት ቤቱ አለ፣ ከኋላ በቆርቆሮ የተሠራው ማድ ቤት አለ፣ በመሀል 14 ሜትር የሚሆን ግቢ አለ። እማዬ እንጀራ ጋግራ ለሁለት ምግብ ቤቶች ታስረክባለች። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ጋዜጠኝነት የተማርኩት በዚያ እንጀራ ነው (ስለዚህ ይሄን ጽሑፍ ያስተማረኝም ምጣዱ ነው ማለት ይቻላል)።

ምጣዱ ግን ይነዝራል። እንደ እማዬ አባባል «ትንሽ ትነዝራለች እንጂ አትገድልም»። አባባሏን ልብ በሉልኝ፤ ኤሌክትሪኩን እንደ ጥጃ ነው የምትጠራው። እሷ ብቻ አይደለችም። የሰፈራችን ሴቶች ሁሉ ለዚህ ነገር የራሳቸው ዘዴ አላቸው። የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ ሳያደርጉ ምጣድ አይነኩም። መሬቱ ላይ ጣውላ ያነጥፋሉ። አክንባሎውን በደረቅ ጨርቅ ይይዛሉ። እኔም በልጅነቴ የተማርኩት ይሄንኑ ነው፦ «እጅሽ ረጥቦ እንዳትነኪ»። ይታያችሁ፣ ሊጥ እያፈሰሰች እጇ የማይረጥብ ሴት ከየት ትመጣለች?

ወንድሜ አምና ትልቅ ቲቪ ገዛ። በማግስቱ ስታብላይዘር ገዛ፣ መብራት ከፍ ዝቅ ሲል እንዳይቃጠልበት። ፍሪጁም የራሱ መጠበቂያ አለው። ክፉ ልጅ ሆኖ አይደለም፤ ለእናቱ ሟች ነው። ግን ለቲቪው መጠበቂያ ሲገዛ፣ ለእማዬ እጅስ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እሷም ራሷ አልጠየቀችም።

ባለፈው ወር ማድ ቤት ስገባ ከሶኬቱ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ሸተተኝ። በቃኝ አልኩ። አንድ ሸበቶ የሰፈራችን ኤሌክትሪሻን ጠራሁ። ገና እንደገባ ቴስተሩን ከምጣዱ ጠርዝ አስጠጋው፤ ቴስተሩ በራ።

«እትዬ፣ ይሄ ነገር ስንት ዓመቱ ነው?» አላት።

እማዬ በአገጯ ወደ እኔ እያመለከተች «ከሷ በፊት ነው» አለችው። እኔ 26 ዓመቴ ነው።

ሽቦውን ተከትለን ወደ ኋላ ሄድን። የሚጀምረው ከሳሎን ነው፣ ከቲቪው ጀርባ ካለው ሶኬት። በመስኮት ይወጣል፣ የቆርቆሮ ክዳኑን ጠርዝ ታኮ ያልፋል፣ ከልብስ ማስጫው በላይ ይሄዳል፣ ሦስት ቦታ ተቀጥሏል፣ ከዚያ ማድ ቤት ይገባል። ባለ 1.5 ሽቦ ነው፤ ማለትም ለአምፖል የሚዘረጋው ዓይነት። ኤሌክትሪሻኑ በጣቱ የቆርቆሮውን ጠርዝ አሳየኝና «ይሄ ቢላ ነው» አለኝ። ነፋስ ሽቦውን በወዘወዘው ቁጥር ጠርዙ ልባሱን ይበላዋል። አንድ ቀን መዳቡ ላይ ሲደርስ ክዳኑ በሙሉ ኤሌክትሪክ ይሆናል፤ ከክዳኑ ጋር የታሰረው የልብስ ሽቦም ጭምር።

ሒሳቡን እዚያው ቁጭ ብለን ሠራነው። ምጣዱ 3500 ዋት፣ እማዬ አጠገቡ ለወጥ የምትጥደው ምድጃ 2000፣ ድምሩ 5500። ለ220 ቮልት ሲካፈል 25 አምፔር። በ14 ሜትር ባለ 1.5 ሽቦ 25 አምፔር ሄዶ ሲመለስ፣ መንገድ ላይ ብቻ 200 ዋት ገደማ ወደ ሙቀት ይለወጣል። የድሮውን ባለ 60 አምፖል የምታስታውሱ፣ ሦስቱን አብርታችሁ ሽቦው ላይ እንደ መጠቅለል ነው። ቅጥሎቹ ጋ ደግሞ ይብሳል፤ መዳብ ከመዳብ በደንብ ካልገጠመ ሙቀቱ እዚያች ነጥብ ላይ ይከማቻል። ለዚያ ሙቀትም እየከፈልን ነው። ሽቦው ባለ 6 ቢሆን ግን ያ 200 ዋት ወደ 50 ይወርዳል።

መንዘሩ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሽቦ ብታወፍሩም አይጠፋም። ምጣዱ ውስጥ ያለው የሚግለው ሽቦ ሸክላው ላይ በተቆፈረ ቦይ ነው የሚተኛው። ሊጥ ሲፈስ፣ እርጥበት ሲገባ፣ ትንሽ ኤሌክትሪክ ወደ ብረቱ አካል ይሾልካል። ከዚያ ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ ይፈልጋል፤ የእኛ መስመር ደግሞ ሁለት ሽቦ ብቻ ስለሆነ ያለው መንገድ እማዬ ናት። ሦስተኛው ሽቦ፣ ግራውንድ የሚሉት፣ መሬት ውስጥ ከተቀበረ የመዳብ ዘንግ ጋር ሲያያዝ የሾለከው በእሷ ፋንታ በዚያ ይወርዳል። እሱም ብቻውን አይበቃም። መሬቱ ደረቅ ከሆነ የሚወርደው ጥቂት አምፔር ስለሚሆን ተራው ብሬከር አይሰማውም። ለዚህ የወጣውንና የተመለሰውን እያነጻጸረ በ30 ሚሊ አምፔር ልዩነት የሚቆርጥ ሌላ ዓይነት ብሬከር አለ። ከተራው ይወደዳል። ከስታብላይዘሩ ግን ይረክሳል፤ ለወንድሜ ይቺን ነገርኩት።

ትልቁ ክርክር የተነሳው ታዲያ በዋጋው አልነበረም።

«ለሚፈርስ ቤት?» አለች እማዬ።

ልደታ ላደገ ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም። አሁን ኮንዶሚኒየሞቹ የቆሙበት ሰፈር ከ2002 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ ሲፈርስ እኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ፤ አብረውኝ የሚጫወቱ ልጆች በአንድ ክረምት የት እንደገቡ ጠፉብኝ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ «ዘንድሮ እኛም ነን» ይባላል። ቤቱ የቀበሌ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ አንድ ግቢ ለብዙ ቤተሰብ ተሸነሸነ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አራት አባወራ በአንድ ቆጣሪ እንኖራለን። የራሱ ላልሆነ፣ ነገ ለሚፈርስ ቤት ማን መዳብ ይቀብራል? ስለዚህ ሁሉም ነገር ጊዜያዊ ነው። ጊዜያዊ ሽቦ፣ ጊዜያዊ ቅጥል፣ ጊዜያዊ ጣውላ። ጊዜያዊው ነገር እኔን በዕድሜ ይበልጠኛል።

እማዬን ያሳመናት የኔ ንግግር አይደለም። ኤሌክትሪሻኑ ነው። «እትዬ፣ ቤቱ ሲፈርስ ሽቦውን መዘው ይዘውት ይሄዳሉ። ብሬከሩንም። ዘንጉንም ነቅለው» አላት። አሰበችበት። ዕቃዋ ከሆነማ ሌላ ነገር ነው።

ዕቃውን መርካቶ ሄጄ የገዛሁት እኔ ነኝ፣ ለአንድ ድርጅት ብሮሹር ጽፌ ባገኘሁት ብር። ሽቦ ሻጩ «ለምን ፈለግሽው?» ብሎ ጠየቀኝና ለማድ ቤት ስለው «ለማድ ቤትማ ባለ 2.5 ይበቃሻል» አለኝ። ማድ ቤት ሲባል ሁሉም ሰው ቁጥር ይቀንሳል። ምጣድ አለ፣ ምድጃ አለ፣ ባለ 6 ስጠኝ ብዬ ድርቅ አልኩ።

ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። አዲሱ መስመር የሚነሳው ከሳሎን ሶኬት ሳይሆን ከቆጣሪው አጠገብ ነው፣ የራሱ ባለ 32 አምፔር ብሬከር አለው። ወንድሜና የጎረቤት ልጅ ግማሽ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፈሩ፣ ሽቦው በወፍራም ፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ገብቶ ተቀበረ፣ ቅጥል የሚባል ነገር የለውም። ማድ ቤቱ ውስጥ ምጣዱ ለብቻው፣ ምድጃው ለብቻው፣ አምፖሉ ለብቻው። ሲያልቅ ኤሌክትሪሻኑ የብሬከሯን መሞከሪያ ቁልፍ ተጫነ፤ ጠብ ብላ ጠፋች። እማዬ «ደግማት» አለችው። ሦስት ጊዜ አስደገመችው።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ በዚያው ትልቅ ቲቪ አብረን አይተናል፣ እልልታም ነበር። 5150 ሜጋ ዋት። ከጉባ እስከ አዲስ አበባ በወፍራም መስመር፣ ከዚያ ልደታ ገብቶ የመጨረሻዋን 14 ሜትር በአምፖል ሽቦ ሲንፏቀቅ ነበር ማለት ነው።

አሁን የቀረን የቆጣሪው ነገር ነው። በ2011 ዓ.ም ከተሻሻለው ታሪፍ ወዲህ ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር የአንዷ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል፤ በወር እስከ 50 የሚጠቀም ቤት ዝቅተኛውን ይከፍላል። ከ2017 ጀምሮም ዋጋው ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው። የአንድ ቤተሰብ ምጣድ እንኳ በሳምንት ሁለቴ ሁለት ሁለት ሰዓት ቢጣድ በወር 60 ይደርሳል። አራት አባወራ በአንድ ቆጣሪ ሲደመር ደግሞ ሁለት አምፖል ብቻ ያላቸው አሮጊት ጎረቤታችን ሳይቀሩ በውዱ ዋጋ ይቆጠርባቸዋል። እማዬ እንጀራ ሻጭ ስለሆነች ከሁሉም በላይ ትከፍላለች፤ ስንት በላይ የሚለው ግን በየወሩ የሚያጨቃጭቅ ነው። አሁን በእኛ መስመር ላይ ትንሽ ቆጣሪ አስገብተን የተጠቀምነውን ቁጥር ለሁሉም እያሳየን እንክፈል እያልኩ ነው። እማዬ በዚህ ደስተኛ አይደለችም። ቁጥሩ ምን ሊል እንደሚችል ከኔ በፊት ገምታዋለች።

ትናንት ከፊት ለፊታችን ያለችው ጎረቤታችን መጥታ ምጣዱን በባዶ እጇ ነካችው፣ ከዚያ በእጇ ጀርባ፣ ከዚያ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ። ምንም አላለችም። ማታ ከልጇ ጋር የልብስ ገመዳችንን ተውሰው ከማድ ቤታቸው እስከ ቆጣሪው ለኩ። 22 ሜትር ሆነ።