ቀይና ጥቁር ቀለም በኮምፒዩተር ዛፍ ላይ

የአገራችን የብራና መጽሐፍ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው በሁለት ቀለም ነው። ጥቁሩ ነገሩን ይናገራል፤ ቀዩ ደግሞ የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም፣ የአንቀጹንም መጀመሪያ ለይቶ ያሳያል። አንባቢው ቀለሙ ተለወጠ ብሎ ድምፁን አያቋርጥም፤ ዓይኑ ሁለት ቀለም ሲያይ አፉ አንድ ቃል ይናገራል። ለሰው ይህን ያህል የቀለለው ነገር ለኮምፒዩተር ግን ቀላል አይደለም። ምክንያቱ ምን እንደ ሆነ፣ መፍትሔውም ከወዴት እንደሚገኝ በዚህች አጭር ጽሑፍ ለትምህርት ጓደኞቼ ለመግለጽ አስቤአለሁ።

እኔ የይፋግ ልጅ ነኝ። ይፋግ ከወረታ ወደ አዲስ ዘመን በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ በጥንት ዘመን በገበያዋ የታወቀች ከተማ ናት። እንደ ብዙዎቹ የአገሬ ልጆች ፊደል የቆጠርኩት ከየኔታ እግር ሥር ነው፤ የኮምፒዩተር ፕሮግራም አጻጻፍ የተማርኩት ደግሞ እዚህ ትምህርት ቤት ገብቼ ነው። ሁለቱ ትምህርቶች የሚገናኙበት ቦታ ቢኖር ይኸው የቀይና የጥቁር ቀለም ነገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1998 የኮምፒዩተር ድርን ደንብ የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ማኅበር ሁለት ሥርዓቶችን አቆመ። አንደኛው ኤክስ ኤም ኤል ይባላል፤ ይኸውም ጽሑፍን በክፍል በክፍል አድርጎ ታግ በሚባል ምልክት የመለየት ሥርዓት ነው። ሁለተኛው ዶም ይባላል፤ ይኸውም ፕሮግራም ጸሐፊው በታግ የተለየውን ጽሑፍ የሚያነብበትና የሚያርምበት፣ ኢንተርፌስ የሚሉት በር ነው። በዶም አስተሳሰብ መጽሐፍ ዛፍ ነው። ግንዱ መጽሐፉ፣ ትልልቁ ቅርንጫፍ ምዕራፉ፣ ትንንሹ ቁጥሩ ነው፤ ቃሉ ራሱ በቅርንጫፉ ጫፍ እንደ ቅጠል ይንጠለጠላል። ይህን ቅጠል ቴክስት ኖድ ይሉታል።

ነገሩን በምሳሌ ለመረዳት ብዬ በኮምፒዩተር ላይ «የማርያም በዓል በይፋግ ተከበረ» የሚል መስመር ጻፍኩ። ይህ መስመር ባዶ ቦታው ጭምር ሲቆጠር 19 ሆሄ ይሆናል፤ እንደ ተጻፈም አንድ ቅጠል ነው። በአገራችን ደንብ «ማርያም» የሚለው ስም በቀይ መጻፍ አለበት። ስለዚህ ስፕሊት ቴክስት በሚባለው ትእዛዝ ቅጠሉን ሁለት ጊዜ ቆረጥኩት፤ ሦስት ቅጠልም ሆነ። የመጀመሪያው «የ» የምትለው አንዲት ሆሄ ብቻ ናት፤ ሁለተኛው «ማርያም» የሚለው 4 ሆሄ ነው፤ ሦስተኛው ከባዶ ቦታ የሚጀምረው የቀረው 14 ሆሄ ነው። መካከለኛውን «ቀይ» በሚል ታግ ውስጥ አስገባሁት። በመስኮቱ ላይ ሲታይ እጅግ ያምራል። ነገር ግን ቅጠሎቹን አንድ በአንድ የሚመረምር ፕሮግራም «የማርያም» የሚለውን ቃል እንዲፈልግ ባዝዘው የለም አለኝ። ዓይን የሚያየውን ቃል ኮምፒዩተር የለም አለ!

ፕሮግራሙ አልዋሸም። «የ» በአንድ ቅጠል፣ «ማርያም» በሌላ ቅጠል ናቸውና ሙሉውን ቃል የያዘ ቅጠል ከቶ የለም። በእንግሊዝኛ መስተዋድዱ አብዛኛውን ጊዜ ከስሙ ተለይቶ ስለሚቆም ስሙን ማቅለም ቃሉን አይሰነጥቀውም። በአማርኛና በግዕዝ ግን «የ»፣ «ለ»፣ «በ»፣ «ወ» ከስሙ ጋር ተጣብቀው ይጻፋሉ። ስለዚህ ለሌላው አልፎ አልፎ የሚያጋጥመው ችግር ለእኛ በየገጹ የሚያጋጥም ነው። አንዱ ፕሮግራም ጸሐፊ ቅጠሎቹን ሲያገጣጥም በመካከላቸው ባዶ ቦታ ይጨምርና «የ ማርያም» ይሆናል፤ ሌላው የየቅጠሉን ዳር ባዶ ቦታ ይጠርግና «የማርያምበዓል» ይሆናል። ሁለቱም መጽሐፉን ያበላሻሉ። ቀዩን ታግ ቢያነሡት እንኳ ሦስቱ ቅጠሎች እንደ ተቆረጡ ይቀራሉ፤ ጎን ለጎን የቆሙትን መልሶ አንድ የሚያደርጋቸው ኖርማላይዝ የሚባለው ትእዛዝ ነው። ታጉ በመካከላቸው ካለ ግን እሱም አይገጥማቸውም።

እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ሦስተኛው የዶም ደረጃ ለዚህ ቴክስት ኮንቴንት የሚባል መፍትሔ ሰጠ። ይህም ከአንድ ቅርንጫፍ በታች ያሉትን የጽሑፍ ቅጠሎች ሁሉ በየተራቸው፣ በመካከላቸው ምንም ሳይጨምር አገጣጥሞ ያቀርባል። በዚህ በኩል ብፈልግ «የማርያም» ወዲያውኑ ተገኘ። ነገሩ የቤተ ክህነትን ትምህርት ይመስላል። ሕፃን ፊደል ሲቆጥር እያንዳንዱን ሆሄ ለየብቻው ይጠራል፤ ቁም ንባብ ሲደርስ ግን ቃሉን ሙሉ አድርጎ ያነበዋል። ስፕሊት ቴክስት እንደ ፊደል ቆጠራው፣ ቴክስት ኮንቴንት እንደ ቁም ንባቡ ነው።

ሆኖም ይህ በር ሁለት አደጋ አለው። አንደኛው አደጋ የሚመጣው ለማንበብ ሳይሆን ለመጻፍ ሲያገለግል ነው። በቴክስት ኮንቴንት አዲስ ነገር የጻፉበት እንደ ሆነ በቅርንጫፉ ላይ የነበረው ሁሉ ይነቀልና አንድ ቅጠል ብቻ ይተካል፤ ቀዩ ቀለም ጠፋ ማለት ነው። አንዲት ሆሄ ለማረም ሲባል ቅርንጫፉን ከመንቀል ይልቅ ሆሄዋ ያለችበትን ቅጠል ፈልጎ ሪፕሌስ ዳታ በሚባለው ትእዛዝ እዚያው ማረም ይገባል። የብራና ጸሐፊ ስሕተቱን ፍቆ በቦታው ይጽፋል እንጂ ገጹን አይቀድም።

ሁለተኛው አደጋ ከዚህ ይብሳል። በደቡብ ጎንደር ያለችው ቤተልሔም የታወቀች የድጓ ማስመስከሪያ ናት። በድጓ መጽሐፍ ከቃሉ በላይ በትንንሹ የዜማ ምልክት ይጻፋል። ከነዚህም እንደ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክና ድፋት ያሉት 10 ምልክቶች እ.ኤ.አ. በ2005 በዩኒኮድ የፊደል መዝገብ የየራሳቸውን ቁጥር አግኝተዋል፤ ፊደላችን ራሱ ወደዚያ መዝገብ የገባው በ1999 ነው። ሌሎቹ ምልክቶች ግን ከዜማ ቃል ተቆርጠው የተወሰዱ ተራ ፊደላት ናቸው፤ ስለዚህ ኮምፒዩተር በመልካቸው ከቃሉ ሊለያቸው አይችልም። ሁሉም በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ቢቀመጡ ቴክስት ኮንቴንት ቃሉንና ዜማውን አንድ ላይ ደባልቆ ያወጣል፤ ማንም ሊቅ ያልተናገረው ቃል ይፈጠራል። ምልክቱ በራሱ ታግ ተለይቶ ከተቀመጠ ግን ፕሮግራሙ ያንን ቅርንጫፍ እየዘለለ ቃሉን ለብቻው፣ ዜማውንም ለብቻው ማንበብ ይችላል። የአንድምታ ትርጓሜም እንዲሁ ነው፤ ንባቡና ትርጓሜው ካልተለዩ የመምህሩ ቃል የመጽሐፉ ቃል ሆኖ ይነበባል።

ይህን ለየኔታ በነገርኳቸው ጊዜ ፈገግ ብለው፣ «ልጄ፣ እኛስ ተማሪን የምንመዝነው ንባቡን ከትርጓሜው ሲለይ አይደለምን? መኪናህም ገና ተማሪ ነውና አስተምረው» አሉኝ።

ሥራው የሕልም ሥራ አይደለም። በጀርመን አገር በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ «ቤተ መጻሕፍት» የተባለው የጥናት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2016 ተጀምሮ የኢትዮጵያንና የኤርትራን የብራና መጻሕፍት በኤክስ ኤም ኤል ይመዘግባል፤ እስከ 2040 እንዲቀጥልም ታቅዶለታል። ሥራው የሚካሄድበት የጥናት ማዕከል የተጠራው በሂዮብ ሉዶልፍ ስም ነው። ይህ ሰው በ17ኛው መቶ ዓመት አማርኛን የተማረው፣ ግዕዙንም ያጠናከረው ከኢትዮጵያዊው ከአባ ጎርጎርዮስ ነበር። ያን ጊዜም ሊቁ መጽሐፋችንን በሚገባ የከፈተው በአገሩ ልጅ መሪነት ነው።

እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፣ የትኛው ፊደል ቃል፣ የትኛው ዜማ እንደ ሆነ የሚያውቀው ከመሪጌታው ዘንድ የተማረ ነው፤ ዛፉን የሚተክለው ደግሞ ፕሮግራም ጸሐፊው ነው። በአካባቢያችን ሁለቱንም ትምህርት የቀመሰ ወጣት ሞልቷል። ሁለቱን እውቀት አስተባብረን እጃችንን ካላስገባንበት ግን ቅጠሉን የሚቆርጠው ቃሉን የማያነብ ሰው ይሆናል።